ጥየቃ ወይስ ፈተና?
ስለ «ንጉሥ ሊር» አጭር ሂስ

ሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» የተባለውን ተውኔት ከጻፈ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። የያዘው ጠብ ግን ኦምዱርማን ለኖርን ሰዎች እንግዳ አይደለም። አባት ሲጃጅ ማን ያኑረው? ማንስ ገብቶ ይየው?

ሽማግሌው ንጉሥ ግዛቱን ለሁለት ሴት ልጆቹ አካፍሎ፣ መሸንገል እምቢ ያለችውን ሦስተኛዋን ኮርዲሊያን ነቅሎ አባረራት። ለራሱ ያስቀረው 100 አጃቢ ነበር። ልጆቹ ወደ 50፣ ወደ 25፣ በመጨረሻም ወደ ምንም አወረዱበት፤ በማዕበል ሌሊትም በር ተዘጋበት።

አንባቢ ሁሉ ትልቋን ልጅ ጎነሪልን ረግሞ ያልፋል። እኔ ግን የተውኔቱ ጉድለት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። መቶ ሰው ቤቷን ሲያውክ ያሰማችው የመጀመሪያ አቤቱታ ከንቱ አልነበረም። ደራሲው ቶሎ ጨካኝ ስላደረጋት የአስታማሚን ድካም ሳንመዝን ፈረድን። ሌሊቱን ሲባዝን የሚያድር አባት የሚጠብቅ ልጅ፣ ከውጭ አገር ገንዘብ ልኮ «ለምን በር ዘጋህ?» የሚለውን ወንድሙን ቢቆጣ ይፈረድበታልን?

ሆኖም ድካም ሌላ፣ ሥልጣን ሌላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አእምሮው የጎደለን ሰው ጤናውና ጥቅሙ ሲያስገድድ ፍርድ ቤት ሊከለክለው ይችላል ይላል፤ ክልከላው ለወራሾች ጥቅምም ሊሆን እንደሚችል አልደበቀም። አደጋው ከዚህ ይጀምራል። የአባቱን ፊርማ የተረከበ ልጅ የአባቱን በርም የተረከበ ይመስለዋል። ጥየቃ ግን የሽማግሌው መብት እንጂ ልጆች የሚካፈሉት ርስት አይደለም።

ጠያቂውም ከነቀፋ አይድንም። ኮርዲሊያ ተመልሳ መጥታ አባቷ ሲነቃ፣ ታውቀኛለህን ብላ ጠየቀችው። እሱም የሞተች ሰው መንፈስ መሰለችው። ሐኪሙ ለጊዜው እንዲተዉት አዘዘ። እሷም ጥያቄዋን ትታ ምርቃት ለመነችው፤ ልጁ መሆኗን ከዚያ በኋላ ራሱ ተናገረ። ሐኪሙ ያለፈውን ዘመን እንዲያስታውስ ማስጨነቅ አደገኛ መሆኑንም አስጠነቀቀ።

ኦምዱርማን ላይ የአእምሮ ሆስፒታል በስሙ የተሰየመለት ሱዳናዊው ሐኪም ቲጃኒ አልማሂ (1911–1970 እ.ኤ.አ.) በሕክምናው የሕመምተኛውን ባህል ያልናቀ ሰው ነበር። በእኛ ባህል ደግሞ ሽማግሌ የሚመረቅበት እንጂ የሚፈተን አይደለም። ቋንቋችን «ሕመምተኛ መጠየቅ» ይላል። እኛ ግን ቃሉን ቃል በቃል ወስደን «እኔ ማን ነኝ?» እያልን እንደ ተማሪ እንፈትነዋለን፤ ስማችንን ሲስት ስሕተቱን ለወንድማማቾች ክርክር ማስረጃ እናደርገዋለን።

እንግዲህ በር የያዘው በሩን ይክፈት። የሚገባውም ጥያቄውን ደጅ ትቶ ይግባ፤ ስሙን ባያውቁለትም ዝቅ ብሎ ይመረቅ።