የትምህርት ጉዞ ወደ ሰሜን ወደቦች፤ አጭር ትችት

በባልቲክና በሰሜን ባሕር ዳርቻ ወደሚገኙት የጥንት የንግድ ከተሞች በታናናሽ መርከቦች የሚደረገው የትምህርት ጉዞ የታወቀ ነገር ሆኗል። መንገደኞቹ ከመምህራን ጋራ ይሳፈራሉ፤ ማታ ትምህርት ይሰማሉ፤ ሌሊት መርከቡ ይጓዛል፤ ሲነጋ አዲስ ከተማ ይደርሳሉ። የዚህን ጉዞ ሥርዓት ስንመረምር የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ተጓዡ የሚማረው ስለ ወደብ ነው ወይስ ስለ ሕንፃ? የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን መልካሙን ጎን እንናገር። ሉቤክ ከባሕር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ በትራቬ ወንዝ ላይ የተቈረቈረች ናት። ትልልቆቹ የመንገደኛ መርከቦች በወንዙ አፍ ሲቀሩ፥ ታናሹ ግን እንደ ጥንቱ ነጋዴ ወደ ከተማዋ ሊዘልቅ ይችላል። ከተማዋ ለምን በዚያ ስፍራ እንደ ተመሠረተች ይህ መንገድ ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስረዳል።

ጉድለቱ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። እነዚህን ከተሞች ሐንሳ የተባለው የነጋዴዎች ማኅበር በንግድ አስተሳስሯቸው ነበር። የሉኔቡርግ ጨው በ1398 በተፈጸመው የስቴክኒትስ ቦይ ወደ ሉቤክ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም ወደ ስካኒያ ተሻግሮ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ይቀመምበት ነበር፤ ዓሣውም በጾም ወራት ሥጋ ለማይበላው ሕዝብ ይሸጥ ነበር። ቪስቢ ከኖቭጎሮድ የሚመጣው ሰምና ጠጕራም ቆዳ ያልፍባት ነበር። ወደ በርገን እህል ሄዶ የደረቀ ዓሣ ይመለስ ነበር። እንግዲህ ከተሞቹን ያለ ጨውና ያለ ዓሣ በየተራ ማሳየት ጨሌውን ከክሩ አውጥቶ እንደ መቍጠር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ውበቱ ሰዎቹን መሸፈኑ ነው። የቪስቢን ግንብ የሚያደንቅ እንግዳ ግንቡ የባሕር ጠላትን ብቻ ለመከላከል የቆመ ይመስለዋል። ነገር ግን በ1288 የከተማው ሰዎች ከገዛ ደሴታቸው ገበሬዎች ጋራ ተዋግተዋል፤ በ1361 የዴንማርክ ንጉሥ ቫልዴማር በመጣ ጊዜም ገበሬዎቹ ከግንቡ ውጭ አልቀዋል። በበርገን ብሪገን የተባለው ሰፈር ከ1702 ቃጠሎ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው፤ ንግድ የሚማሩት የጀርመን ወጣቶች ቃጠሎ ስለሚፈራ በዚያ የእንጨት ቤት ያለ እሳት ይከርሙ ነበር። ፎቶግራፍ የሚነሣው ግን መልኩ ብቻ ነው።

ተጓዡ ለዕረፍት የወጣ ስለ ሆነ ይህን ሁሉ መጠየቅ አይገባም የሚሉ ይኖራሉ። ለዕረፍት ከሆነ እኛም አንከራከርም፤ ትምህርት ተብሎ ከተጠራ ግን የስሙ ዕዳ አለበት።

ማሻሻያውም ከባድ አይደለም። በሁለት ወደቦች መካከል ያለው ባሕር ቢያንስ አንድ ጊዜ በቀን ይታለፍ፤ የነጋዴው ድካም የነበረው በዚያ ነውና። የየከተማው ትምህርት ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን ከጭነቱ ይጀመር። በብሬመርሃፈን ቤተ መዘክር በ1380 ገደማ የተሠራውና በ1962 ከወንዝ የተገኘው፥ 23 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የንግድ መርከብ ይጐብኝ። ይህን መርከብ ያየ ሰው የሉቤክን ታላላቅ ቤቶች ምን እንደ ሠራቸው ለመጠየቅ ይበቃል።