ብልጭታው ብቻውን ትምህርት አይሆንም

አርዱዊኖ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ሰሌዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በኢጣሊያ፣ ኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ታስቦ ተሠራ። ቀላልነቱን እናደንቃለን። የምንነቅፈው የተለመደውን የመጀመሪያ ልምምድ ነው። አምፖሉ ከሰሌዳው ጋር ተገጥሞ ስለሚመጣ፣ ተማሪው የተጻፈ ፕሮግራም ቀድቶ ብልጭ ድርግም ሲል ያያል እንጂ ስለ ቮልቴጅ አንዳች አይማርም። በዚህም መቅዳትን ከማወቅ ይቆጥረዋል።

ትምህርት ከአካባቢ ጋር ይተሳሰር ከተባለ፣ በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በካርቱም ያለ ተማሪ ኤልኤም 35 በተባለው መሣሪያ ሙቀት ቢለካ ይሻላል። መሣሪያው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ስለሚሰጥ፣ በ42 ዲግሪ 420 ሚሊቮልት ያወጣል። ኡኖ የተባለው ሰሌዳ ደግሞ 5 ቮልትን ለ1024 ከፍሎ ስለሚያነብ ቁጥሩ 86 ገደማ መሆን አለበት። ተማሪው አስቀድሞ ያስላ፤ ቀጥሎ ይለካ፤ ውጤቱንም ከተራ ቴርሞሜትር ጋር ያመሳክር። ንድፈ ሐሳብና ተግባር የሚገናኙት ያን ጊዜ ነው እንላለን።