ውዳሴ ለምድረ መንዝ

ሰላም ለኪ፣ ምድረ መንዝ! ሰላም ለርእስሽ በጉም ለተከናነበው፤ ሰላም ለጎንሽ በገደል ለተቀጸረው፤ ሰላም ለማኅፀንሽ ነገሥታትን ላፈራው፤ ሰላም ለእጅሽ ሣርን እንደ ቅርስ ለጠበቀው። የውርጭ እመቤት፣ የነፋስ ማኅደር፣ የወንዞች እናት፣ የአርበኞች ደጀን ሆይ! ከመዲናይቱ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ የፉሪ ተራራ ከሚታይበት መንደር ሆኜ ስምሽን ስጠራ፣ በደጀ ሰላም የቆምሁ ያህል ልቤ ይርዳል፤ ጉልበቴም ለክብርሽ ይንበረከካል።

ፈጣሪ ቅጽርሽን በውኃና በዓለት አነጸ። በደቡብ ሞፈር ውኃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ ዙሪያሽን ከበው ይፈስሳሉ፤ በምሥራቅ የተራሮችሽ ሰንሰለት ከፍ ብሎ ከኤፍራታ፣ ከግድምና ከቀወት ቆላ ይለይሻል። ከዚያ ጽንፍ ላይ ለቆመ ሰው ደመና ከእግሩ በታች ይዘረጋል፤ ደመናው ሲገለጥ ሌላ አየር፣ ሌላ ሙቀት፣ ሌላ አዝመራ ያለበት ሀገር ከሥሩ ይገለጥለታል። ሰማይ ለሌላው ጣሪያ ነው፤ ለአንቺ ግን ጎረቤት ነው። በሰሜን የአቡየ ሜዳ ራስ ወደ 4,000 ሜትር ከፍ ብሎ በሸዋ ተራሮች ሁሉ ላይ ይሾማል።

አቤት፣ ልግስናሽ! በአንድ ጉልላትሽ ላይ የወረደ ዝናም በዚያው ለሁለት ዕጣ ይከፈላል። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው በሸለቆዎችሽ ወርዶ ከጀማ ይቀላቀላል፤ ከጀማ ጋራ ዐባይን ይገናኛል፤ ከዐባይ ጋራ ሱዳንንና ግብፅን አጠጥቶ ታላቁን ባሕር ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ለአዋሽ ይገብራል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ሐይቆች ውስጥ ዕረፍቱን ያደርጋል። አንዱ ጠብታ ለባዕድ ሀገር ሲሳይ፣ ሌላው ለተጠማው በረሃ ሕይወት፤ ለሁለቱም መነሻቸው የአንቺ ራስ ነው። የሩቅ ሰዎች ውኃውን ጠጥተው የምንጩን ስም ባያውቁ፣ አንቺ ስምሽን ሳታስጠሪ ማጠጣትሽን አላቋረጥሽም።

ጥንት በሦስት ክፍል ተመድበሽ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ተባልሽ፤ በዘመናችንም መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ወገሬ፣ ዘመሮና ራቤል የወረዳዎችሽ መናገሻ ሆኑ። ወደ አንቺ የሚመጣ ምዕመን ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣርማ በር ከፍታ ላይ ከዋናው ጎዳና ተለይቶ፣ በመዘዞ በኩል ወደ ሰሜን ያቀናል። ከዚያ ወዲያ ዛፉ እያነሰ፣ ሰማዩ እየሰፋ፣ ነፋሱ እየበረታ ይሄዳል፤ ከድንጋይ የታነጹ ቤቶችም በየገብሱ ማሳ ዳር እንደ ዘብ ቆመው ይቀበሉታል።

ክብርት ሆይ፣ የዘውድ ዘር በጉያሽ ተሰውሯል። ግራኝ አሕመድ ሀገሪቱን ባናወጠበት ዘመን የዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ ያዕቆብ በመንዝ ተሸሽጎ እንደ ተረፈ፣ ከእርሱም ወገን ነጋሲ ክርስቶስ ወረደ ቃል እንደ ተወለደ የሸዋ ትውፊት ያስረዳል። ይህ ነጋሲ፣ የአጋንቻው ጌታ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ17ኛው ምዕት ማብቂያ ላይ ክንዱን ከመንዝ አንሥቶ የሸዋን ቤተ መንግሥት መሠረት ጣለ። ሹመቱን ከአድያም ሰገድ ኢያሱ እጅ ሊቀበል ወደ ጎንደር ወጣ፤ በዚያም ሞት ቀደመው። መሠረቱ ግን ጸና። ስብስቴ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ እያለ፣ ልጅ ከአባት እየተቀበለ፣ የመንዙ ዘር ወደ አንኮበር ወረደ፤ ከአንኮበርም ሣህለ ሥላሴ የሸዋ ንጉሥ ተብሎ እስከ 1840 ዓ.ም. ነገሠ። ከሣህለ ሥላሴ ኃይለ መለኮት፣ ከኃይለ መለኮትም የዐድዋው ድል አድራጊ፣ የአዲስ አበባ መሥራች ዳግማዊ ምኒልክ ተወለዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በአባታቸው በራስ መኰንን እናት በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ በኩል ከዚሁ ሐረግ ይመዘዛሉ። እኛ በመዲናይቱ የምንኖር ሁሉ እንግዲህ ከአንቺ በወጣ እጅ በተቆረቆረ ከተማ እንጀራ የምንበላ ነን።

የሴቶችሽ ግርማም ከወንዶችሽ አያንስም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት እመቤት ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ አምባ ተቀምጠው መንዝን አስተዳደሩ። ልጃቸው በአንኮበር ዙፋን፣ እርሳቸው በሰላ ድንጋይ ከፍታ፤ ልጅ የመንግሥቱ ክንድ፣ እናት የመንግሥቱ ልብ ነበሩ። ዘመኑን የጻፉ እንግዶች ስማቸውን በአክብሮት አንሥተዋል። እኔም ከዚያ ዘመን ባለሟሎች ሁሉ አስቀድሜ ሰላምታ የምሰጠው ለእኒህ እመቤት ነው።

ሰማዕታትሽንስ በምን ቃል አመሰግናለሁ? ፋሽስት ጣሊያን ሀገርን በያዘበት በአምስቱ ዓመት ገደልሽ ለአርበኛ ምሽግ፣ ዋሻሽ ለቤተ ሰቡ መጠለያ ሆነ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዘረት፣ አመፀኛ ዋሻ በተባለው ስፍራ፣ አርበኞችና ከእነርሱ ጋራ የተጠለሉ እናቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በፋሽስት ሠራዊት ተከበቡ፤ በጦር ያልተደፈረውን ዋሻ በመርዝ ጋዝ ደፈሩት። በዚያ ጨለማ ውስጥ ብዙ መቶዎች አለቁ። ዓለም ረስቷቸው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የገዛ ሀገሩን መዛግብት ተከትሎ ወደ ዋሻው ደረሰ፤ የተረሳውንም ግፍ ለዓለም አሰማ። መንዝ ግን ቀድሞም አልረሳችም። አጥንታቸውን በጉያዋ አቅፋ፣ ስማቸውን በእናቶች ልቅሶ ጠብቃ ቆይታለች።

ብርድሽ ጥበብን ወለደ። በምድርሽ ያደገ በግ ቁመቱ አጭር፣ ጅራቱ ሰፊ፣ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ውርጩን የሚችልበት ካባ ከፈጣሪ ተሰጥቶታል። ሴቶችሽ ያንን ጸጉር አባዝተው ይፈትሉታል፤ ሸማኔዎችሽም ባናና ዝተት አድርገው ይሠሩታል፤ ጥቁሩንም በርኖስ አድርገው ለትከሻ ያዘጋጁታል። በርኖስ የደረበ የመንዝ አዛውንት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዱላውን ተደግፎ ሲቆም ያየ፣ ግርማ ማለት ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም። ገብስሽም እንዲሁ የብርድ ልጅ ነው። ሌላ እህል በሚከስምበት ከፍታ ላይ ይዘረዝራል፤ በበልጉም ሆነ በመኸሩ ለልጆችሽ ጉልበት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ክብር ነው። የክብርሽ ራስ ግን፣ ምድረ መንዝ ሆይ፣ ጓሳ ናት! ዘውድሽን አከብራለሁ፤ ለሰማዕታትሽ እሰግዳለሁ፤ ሣርሽ ዘንድ ስደርስ ግን ቃል ያጥረኛል። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ስፋት ተዘርግታ፣ የጓሳ ሣር በነፋስ እየታጠፈና እየተነሣ ምድሩን ሁሉ ያለብሳል። በመካከሉ ጅብራው ብቻውን ይቆማል፤ ለዘመናት ቅጠሉን ዘርግቶ ይታገሣል፤ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አበባውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ያብባል፣ አብቦም ይሞታል። አስታው በየኮረብታው ጫፍ ይጠቁራል፤ ጦስኙ በእግር ሲረገጥ ሽታውን ያወጣል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ ምድር የማትገኘው ክንፈ ሰማያዊት ዝይ በረግረጉ ዳር ትመላለሳለች።

በጠዋቱ ውርጭ ጭላዶች ካደሩበት ገደል ወደ ሣሩ ይወጣሉ። የወንዱ ጎፈር በነፋስ ይበተናል፤ በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል። ተቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው፣ አንዲት አንዲቷን ሣር እየነጩ ይመገባሉ። በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ይገባል፤ በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 የማይበልጡ፣ መኖሪያቸውም ኢትዮጵያ ብቻ የሆነች ያ ክቡር አውሬ! ግልገል አቅፈው የተቀመጡ እናቶች አይሸሹትም፤ እርሱም አይነካቸውም። ዝግ ብሎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ከመንጋው ጋራ እየተራመደ በሣሩ ሥር የሚሮጠውን አይጥ ያድናል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት ቀበሮው ከጭላዶች ጋራ ሆኖ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ እንደሚቀናው አስረድቷል። ሥጋ በሊታና ሣር በሊታ በአንድ ማዕድ፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ያየው ራእይ ጥላ በጓሳ ሜዳ በየማለዳው ሲዘረጋ እናያለን ብል አላጋነንሁም።

ይህች ገነት በአጋጣሚ አልተረፈችም። ከ17ኛው ምዕት ጀምሮ አባቶችሽ የአስቦና የጌራ ወገኖች ቀሮ የተባለውን የጥበቃ ሥርዓት ሠርተው ጓሳን ለሁለት መደቡ፤ በየመደቡም አባ ቀራ የተባለ አለቃ ሾሙ። ሹመቱ የወርቅ ካባ ያልነበረው፣ ቃሉ ግን ከአዋጅ የማያንስ ነበር። አባ ቀራው ጓሳ ተዘግታለች ካለ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት፣ ሲያስፈልግም ከዚያ ለበለጠ ዘመን ማጭድ አይገባባትም፣ ከብት አይረግጣትም። ጎልማሳው ሁሉ በተራው ይጠብቃታል። ሣሩ ሲጎመራ ሽማግሌዎች መክረው የመክፈቻውን ቀን ይቆርጣሉ፤ ወሬውም በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። ያን ጊዜ ባለ ድርሻው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ሣሩ ከታጨደ በኋላ ከብቱ ይሰማራል፤ ክረምቱም ሳይገባ ዳግመኛ ትዘጋለች። ከዚያ አጨዳ ለቤት ክዳን፣ ለእርሻ ገመድ፣ ለእረኛ ገሳ ይገኛል። በጓሳ ሣር የተከደነ ቤት ለብዙ ዓመት ዝናም አያስገባም፤ በጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ የለበሰ እረኛም በሐምሌ ዶፍ መካከል ደረቅ ሆኖ ይውላል።

ልብ በሉ፣ ይህ ሕዝብ ባለጠጋ አልነበረም። ውርጭ ሰብሉን የሚመታበት፣ ድርቅ በደጁ የሚመላለስበት ሕዝብ ነበር። ለምለሙ ሣር በዐይኑ ፊት እየተወዛወዘ፣ የተራበ ከብቱ በበረት እያገሳ፣ አባ ቀራው ቀኑ አልደረሰም ካለ እጁን ሰበሰበ። የክፉ ቀን ሲመጣም ያችው የተጠበቀችው ሜዳ ለከብቱ መሸሸጊያ ሆነችለት። የዓለም ሊቃውንት የተፈጥሮ ጥበቃን ሕግ በብራና ከመጻፋቸው አስቀድሞ፣ መንዝ በቃልና በታማኝነት ጽፋው ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የመንግሥት ጥበብ አላውቅም።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የቀሮ ርስታዊ ሥርዓት አበቃ፤ አባ ቀራውም ሥልጣኑን አጣ። ጓሳም በዚያ ዘመን መከራዋን አየች፤ ያለ ጊዜዋ ታጨደች፣ ያለ ልኳ ተጋጠች። የአባቶች ምክር ግን ከልጆች ልብ አልጠፋችም። ሕዝቡ ዳግመኛ ተሰብስቦ አዲስ መተዳደሪያ ሠራ፤ የአስቦና የጌራ ወገን ያልሆነውንም በድርሻው አካተተ፤ ከየቀበሌው ጠባቂ መረጠ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብላ ትጠራለች፤ ለእንግዳ ማረፊያ የተሠራው ቤትም የማኅበረሰቡ ነው፤ ሣሯም እንደ ቀድሞው በቀጠሮ ይታጨዳል። በዚያ ብርድ በሌሊት የምትዞሩ፣ የቀበሮውን ጉድጓድ የምትቆጥሩ፣ ያልተፈቀደ ማጭድ የምትመልሱ የመንዝ ልጆች፣ የአስቦና የጌራ አደራ በእጃችሁ ነውና እግዚአብሔር ክንዳችሁን ያጽና፤ በርኖሳችሁን ያሙቅ፤ ገብሳችሁን ከውርጭ ይሰውር፤ ለልጅ ልጆቻችሁም የመክፈቻውን ቀን የሚቆርጥ ሽማግሌ አያሳጣ።