የሕፃን ልብ በድምፅ ሲታይ

ክርስቲያን ዶፕለር የተባለው ኦስትሪያዊ ሊቅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1842 በፕራግ ከተማ ስለ መንታ ከዋክብት ቀለም ድርሳኑን ባነበበ ጊዜ፣ ስለ ሰማይ ብርሃናት የተናገረው ነገር አንድ ቀን በሚጠባ ሕፃን ደረት ላይ ይውላል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ዛሬ ሐኪሙ፣ በእናቱ ጭን የተኛውን ሕፃን ደረት ለብ ባለ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን በቀስታ ሲያሳርፍበት፣ ጆሮ የማይሰማው ረቂቅ ድምፅ ከሚሮጠው ደም ጋር ተጋጭቶ ቃናው ተለውጦ ይመለሳል፤ ወደ መሣሪያው የሚመጣው ደም ቀይ፣ ከእርሱ የሚሸሸው ሰማያዊ ሆኖ በማያ ገጹ ላይ ይሣላል። (ቀዩን ንጹሕ፣ ሰማያዊውን የተበከለ ደም አድርጎ የሚያይ ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን የአቅጣጫ እንጂ የንጽሕና አይደለም።) የልብን ሁለት የታችኛ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ቢኖር፣ በዚያች ጠባብ በር የሚፈተለከው ደም፣ በብራና መጻሕፍት ራስጌ እንደሚሣለው ሐረግ፣ ቀለሙ ተደባልቆ ዝንጉርጉር ሆኖ ይታያል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ስሌቱ ነው፤ የደሙ ፍጥነት በሴኮንድ 4 ሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱ 4 በራሱ ተባዝቶ ዳግመኛ በስሌቱ ቋሚ ቁጥር በ4 ሲባዛ 64 ይሆናልና፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ወደ 64 ሚሊሜትር ሜርኩሪ መሆኑ፣ ሥጋ ሳይቆረጥ፣ ሕፃኑም ከእናቱ ጡት ሳይለይ ይታወቃል።