ወፍራምና ቀላል
ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ ስታሻሽል፣ የተጫማችው አዲዳስ አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1 ነበር። ድሉ የእሷ ነው፤ ጫማ ብቻውን አይሮጥም። የሠሪዎቹ እጅ ግን ለብቻው ምስጋና ይገባዋል።

የአንዱ እግር ጫማ ክብደት 138 ግራም ገደማ ነው። ለአዘቦት ልምምድ የሚደረገው የአስፋልት ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ግራም ይመዝናል። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚፈጀው ኃይል በ1 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል ተመራማሪዎች ለክተዋል። በ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም።

ቀላል ጫማ መሥራትማ ድሮም ይቻል ነበር፤ ሶሉን ማሳሳት ብቻ ነው። የቀድሞዎቹ የውድድር ጫማዎች ቀላል የነበሩት ስስ ስለነበሩ ነው፤ የአስፋልቱን ምት የሚሸከመው ጉልበትና ባት ነበር። ኢቮ 1 ግን ተረከዙ ላይ 39 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ደንብ ለጎዳና ሩጫ ከሚፈቅደው 40 ሚሊ ሜትር የቀረው አንዲት ሚሊ ሜትር ናት። ወፍራምም ቀላልም! እኔን የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው።

ምስጢሩ ሶሉ በተሠራበት ፎም ውስጥ ነው። በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ ስላልተሠራ ሳይከብድ ወፍሯል። የመርገጫው ጎማ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ የላይኛው ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል። ከፊት በኩል ሶሉ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ የተረገጠው እግር ሳይቆም ወደሚቀጥለው እርምጃ ይንከባለላል። በፎሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ደግሞ ሶሉ እንዳይተጣጠፍ ያደርገዋል። የትኛውም ክፍል «ለምን ኖርክ?» ተብሎ ሳይጠየቅ ያለፈ አይመስልም።

ልስላሴ ብቻውን ዋጋ የለውም። የሚሰምጥና የማይመልስ ሶል አሸዋ ላይ እንደመሮጥ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት በተለመደው ኢቫ ፎም የተሠራ የውድድር ጫማ ከተቀበለው ጉልበት 66 በመቶ ያህሉን ሲመልስ፣ የናይኪ አዲሱ ፎም 87 በመቶ መልሷል። ጫማ ሠሪዎች ከዚያ ወዲህ የሚፎካከሩት በዚህ መልስ ነው።

በምቾት ግን ኢቮ 1 ይሸነፋል፤ መሸነፉም ታስቦበት ነው። ተረከዝ የሚያቅፈው ወፍራም ገበር የለውም፤ ክብደት ይጨምራላ። ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ ኩባንያውም ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መለማመጃ ብቻ እንደተሠራ በግልጽ ተናግሯል። ሐቀኛ ሥራ ነው፤ ለሁሉም እሆናለሁ አላለም።

በየጠዋቱ አስፋልት ላይ ለሚሮጥ ሰው የሚሻለው ያ ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝነው የአዘቦት ጫማ ነው። ጫማ ስትገዙ እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ የምትሮጡበትን ካልሲ አድርጉ፤ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት መኖሩን እዩ፤ ከቻላችሁም ጥቂት ሮጡበት። እዚያው ሱቁ ውስጥ የቆረቆራችሁን ጫማ፣ የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን፣ አትግዙት።