ጥላው የሚናገረው

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በወንጀል ፊልም ውስጥ መብራት ለምንድን ነው የማይበራው? መርማሪው ቤቱ ይገባል፣ ማብሪያው እጁ ሥር ነው፣ አይነካውም። መንገዱ ሁልጊዜ ዝናብ የመታው ነው። ሴቲቱ ደግሞ ከበሩ ብቅ ስትል ጀምሮ ነገር ይዛ እንደመጣች እናውቃለን። ለምደነዋልና አንጠይቅም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ተማሪዬን ብጠይቀው «ስታይል ነዋ!» ብሎኛል። እኔ ግን ጥላው ሥራ ነበረው ባይ ነኝ።

ሆሊዉድ በ1930 ለራሱ ያወጣው፣ ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ጥርስ ያበቀለለት የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም፤ ተመልካችም ለወንጀል ማድላት የለበትም። የታሪኩ መጨረሻ አስቀድሞ ተወስኖ ለደራሲው ይሰጠዋል ማለት ነው። ሳንሱር ምን እንደሆነ ለኛ አገር አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሳንሱር ያለበት ጸሐፊ ምን እንደሚያደርግም እናውቃለን። ፈረንሳዮች በ1946 «ጥቁር ፊልም» ብለው ስም ያወጡላቸው እነዚህ ፊልሞች ሰማቸው መጨረሻቸው ነው። ወርቁን ብርሃኑ ውስጥ ፈልጉት።

ለምሳሌ የ1944ቱን «ደብል ኢንደምኒቲ» እንውሰድ። መነሻው የጄምስ ኬን ልብ ወለድ ነው፤ የደንቡ አስፈጻሚዎች በ1935 ስቱዲዮዎቹን ይሄን መጽሐፍ እንዳትነኩ ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ቢሊ ዋይልደር ከሬይመንድ ቻንድለር ጋር ሆኖ ነካው። የኢንሹራንስ ሻጩ ዋልተር ኔፍ ከደንበኛው ሚስት ጋር ይፈቃቀድና ባልየውን ገድለው ካሳውን ሊበሉ ይዶልታሉ። አሟሟቱ የባቡር አደጋ ከመሰለ ክፍያው እጥፍ ነው። «ማን ገደለው?» የሚል እንቆቅልሽ ግን የለም። ኔፍ ገና ከጅምሩ ቆስሎ በሌሊት ቢሮ ይገባና ገዳዩ እኔ ነኝ ብሎ ለድምፅ መቅረጫው ይናዘዛል። ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ያስቀምጠናል?

የካሜራው ባለሙያ ጆን ሳይትዝ የካሊፎርኒያን ፀሐይ በመስኮት መጋረጃ እየሰነጠቀ ነው ያስገባው፤ ያ ዛሬ በየቢሮው የምናየው፣ ርብራብ ያለው መጋረጃ። ኔፍ ሴትዮዋን ሊያነጋግር ሳሎን ቆሞ ሲጠብቅ የርብራቡ ጥላ ልብሱ ላይ እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ይጋደማል። ገና ምንም ሳይሠራ እኮ ነው! ብርሃኑ ውስጥ አቧራው እንዲታይ ሳይትዝ የአሉሚኒየም ብናኝ አስበትኗል። ውጪው ጠራራ፣ ውስጡ የታፈነ፤ የሀብታም ቤት እንደዚያ ሲሸት ያየሁት በዚህ ፊልም ብቻ ነው።

ዋይልደር በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከበርሊን የሸሸ አይሁዳዊ ነው። ፍሪትዝ ላንግና ሮበርት ሲዮድማክም በዚያው ዘመን ከጀርመን ወጥተው ኋላ ሆሊዉድ ገብተዋል። ጨዋ ጎረቤት ምን ሊሆን እንደሚችል ያዩ ሰዎች ናቸው። ወንጀለኛውን ፈገግ ብሎ ኢንሹራንስ በሚሸጠው ሰውዬ ውስጥ ቢፈልጉት ምን ይገርማል?

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ሴቲቱ። ባርባራ ስታንዊክ ድንቅ ተዋናይት ናት። ሆኖም ኔፍ ታሪኩን በገዛ አፉ ሲተርክ የእሷን የምንሰማው በእሱ አፍ ነው። ገዳይ ገዳይዋን ከስሶ እኛ እንፈርዳለን።

ደንቡ በ1968 ቀረ። በ1974 ሮማን ፖላንስኪ «ቻይናታውን»ን ሲሠራ፣ በሎስ አንጀለስ ውሃ የሚነግደው ሽማግሌ ሳይቀጣ ይሄዳል። ጽሑፉን የጻፈው ሮበርት ታውን እንዲያ እንዲያልቅ አልፈለገም ነበር፤ ፖላንስኪ ግን አልሰማውም። ፊልሙ ደግሞ በአብዛኛው ፀሐይ ላይ ነው። ወርቁ በአደባባይ ከተነገረ በጥላ ምን ያሸሽገዋል? የ1995ቱ «ሰቨን»ም ዝናቡን አዝንቦ አዝንቦ የመጨረሻውን ክፋት የሚያወጣው በጠራራ ሜዳ ላይ ነው።

የሚያናድደኝ ሌላው ዓይነት ነው። ምስሉን ሰማያዊ ይነክሩታል፣ ክፍሉን ያጨልሙታል፣ ካሜራውን ያንቀጠቅጡታል፤ ክፉው ግን ከመጀመሪያው ክፉ፣ ደጉም እስከ መጨረሻው ደግ ነው። ጨለማው የደበቀው ነገር የለም። ያለ ወርቅ የቀረ ሰም! ተመልካቹም ከሲኒማ ቤት እንደገባ ይወጣል፤ በራሱ ላይ አንዲት ጥርጣሬ ሳታድርበት።

ዋይልደር ደንቡ የሚጠይቀውን ቅጣት አልዘነጋም፤ ኔፍ በጋዝ ክፍል ሲገደል ቀርጾ ነበር። ግን ቆርጦ ጣለው። በታሪኩ ሁሉ የወዳጁን የኪዝን ሲጋራ ክብሪት እየጫረ የሚለኩስለት ኔፍ ነው፤ የካሳ ክፍሉ ኃላፊ ኪዝ ክብሪት ይዞ አያውቅም። አሁን ኔፍ ቢሮው በር ላይ ወድቋል፣ ሲጋራው አፉ ላይ ነው፣ እጁ ክብሪት መጫር አቅቶታል። ኪዝ ጎንበስ ብሎ ክብሪቱን ይወስድና ጭሮ ይለኩስለታል።