ቀዩ መደብ፦ ሐዘን በሐረር

አማርኛ ሐዘንን በድምፁ ይሰይመዋል። «ጎረቤት ለቅሶ አለ» ይባላል፤ ሰውም «ለቅሶ ይደርሳል»። ሙሾ አውራጇ ስንኟን ስታወርድ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረት ሲመቱ፣ ሐዘኑ በጆሮ የሚደመጥ ነገር ይሆናል። ሟቹ ጀግና ከሆነ ፈረሱና ጠመንጃው ሳይቀሩ አደባባይ ይወጡለት ነበር።

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ይህን ድምፅ የሚጠብቅ ሰው ግን ይሳሳታል። ሐረሪዎች የሚከተሉት እስልምና እንባን አይከለክልም፤ ነቢዩ ሙሐመድ ራሳቸው ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ማልቀሳቸው ይተረካል። የሚወገዘው እዬዬው፣ ፊት መንጨቱና ልብስ መቅደዱ ነው። ጀናዛው ሳይዘገይ ይቀበራል። ሐዘኑም ከ3 ቀን እንዳያልፍ ይመከራል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ 4 ወር ከ10 ቀን ትቆያለች። የዓሹራ ዕለት እንኳ፣ ሺዓዎች በ680 እ.ኤ.አ. ከርበላ ላይ ለተገደሉት ለሑሴን ደረታቸውን ሲመቱ፣ ሐረር ለጅቦቿ ገንፎ ታቀርባለች።

ታዲያ ሐዘኑ ወዴት ይሄዳል?

አንዱ መሄጃው አፎቻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው «የሐረሪዎች ዕድር» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ንጽጽሩ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያስኬደው። አፎቻ ቀብርንም ሰርግንም አንድ ላይ የሚይዝ ማኅበር ነው፤ ወንዶች የራሳቸው፣ ሴቶችም የራሳቸው አላቸው። ተመራማሪዎቹ ፒተር ኮን እና ሲድኒ ዋልድሮን በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሕዝቡና በአስተዳደሩ መካከል ያለ ድልድይ አድርገው አይተውታል። ለሐዘንተኛው ግን ትርጉሙ ከዚህ ይቀርባል፦ ትናንት ሰርግ ቤቱን የሞሉት ሰዎች ዛሬም ያው እነሱ ናቸው። እዚህ የሚቆጠረው ማን እንዳለቀሰ ሳይሆን ማን እንደመጣ ነው።

ሁለተኛው መሄጃ ወለሉ ነው። በሐረሪ ቤት የእንግዳ መቀመጫ የሆኑት ደረጃ ደረጃ ያላቸው መደቦች፣ ነደባዎቹ፣ በቀይ አፈር ይቀባሉ። ለምን ቀይ ሆኑ ሲባል፣ በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ ሲሸነፍ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚል ትረካ አለ።

ትረካውን እንደ ሥነ ሕንፃ ታሪክ ያነበበ ተመራማሪ ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ቀይ አፈር በአካባቢው ሞልቷል፣ ለልስንም ይስማማል። ዳሩ ግን ጥያቄው ቀለሙ መቼ ተጀመረ የሚለው ብቻ አይደለም። ሰው ለቤቱ ቀለም ምክንያት ሲፈልግ ሠርግን ወይም ምርትን መጥቀስ ይችል ነበር። የመረጠው ግን ሽንፈትን ነው። አፈሩ ሲደበዝዝ እንደገና ይቀባል፤ ሙሾ ያልወረደለት ሞት በየእድሳቱ ይነሣል።

የአሸናፊው ወገን ሐዘን ከዚህ የተለየ መልክ አለው። ከድሉ በኋላ ሐረርን የገዙት ራስ መኮንን፣ አባ ቃኘው፣ በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲያርፉ ሐረር ቅዱስ ሚካኤል ተቀበሩ፤ መካነ መቃብራቸውም ከግንቡ ውጭ ለብቻው ቆሞ ይታያል። እሱን ማየት የፈለገ ሰው አስቦ መሄድ አለበት።

ቀዩ መደብ ግን የሚኖርበት ነው። ልጆች ይሮጡበታል፣ ሙሽራ ትታይበታለች፣ ቡና ይጠጣበታል። ከዚያ አንድ ቀን የቤቱ ሰው ይሞትና የአፎቻው ሴቶች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገብተው እዚያው ላይ ይቀመጣሉ።